የቅሬው ስጋቶች

የምሠራው ድርጅቶች ገንዘባቸውን የት ቢያውሉት እንደሚሻል የሚያማክር ቢሮ ውስጥ ነው። ከጦርነቱ በፊት ሐይቅ ከተማ ያለ አንድ ቅሬ፣ እኛ አዲስ አበባ እድር የምንለው፣ በቁጠባው ሱቆች ሠርቶ ለማከራየት አስቦ ጠራን። በቢሯችን ደንብ፣ ደንበኛው ከመወሰኑ በፊት ስጋቶቹ በሙሉ ጮክ ተብለው ይነበቡለታል።

«እሳት ሊነሳ ይችላል» ብዬ ጀመርኩ።

የቅሬው ዳኛ ሸህ ሁሴን እጃቸውን ዘረጉ። «ያረብ፣ አንተ ጠብቀን።»

ሙስሊሙም ክርስቲያኑም «አሚን» አለ።

«ተከራይ ሊጠፋ ይችላል።»

እንደገና እጅ ተዘረጋ፤ ይሄኛው ዱአ ረዘም አለ። ጎርፍ ላይ ስንደርስ የቅሬው አባል የሆኑት ቄስም የራሳቸውን ጨመሩበት። እኔ ወረቀቴን ይዤ ቆሜ «አሚን» እላለሁ። አንድ ስጋት ሲቀረኝ የአስር ሰላት ደረሰና ተበተንን፤ ሱቆቹም ተሠሩ።

ከጦርነቱ በኋላ ስመለስ የሱቆቹ በርና ጣሪያ ተነቅሎ ተወስዷል።

«እሳት አልነካቸውም፤ ጎርፍም አልደረሰባቸውም» አሉኝ ሸህ ሁሴን። «ያን ቀን ሳይነበብ የቀረው ምን ነበር?»

«ጦርነት።»



«ምን ነበረበት ልጄ፣ ከሱ ብትጀምር?»