ከምስማሩ ያልወረደው መፍቻ

አሰበ ተፈሪ ውስጥ አጎቴን በስም የማያውቅ ሰው ላንድሮቨራቸውን ያውቅ ነበር። ክረምት ገብቶ የገለምሶ መንገድ በጭቃ ሲዘጋ ከቤቱ ጎን ያቆሙትና፣ መፍቻውን በሩ ላይ ካለው ምስማር አውርደው የባትሪውን ገመድ ይነቅላሉ። «መኪና ቆሞም ቢሆን ባትሪ ይበላል» ይሉን ነበር። እጃቸው ስለሚቆሽሽ እንግዳ ከመጣ ክንዳቸውን ነው ለሰላምታ የሚዘረጉት። እሳቸውን ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ያ ክንድ ነው።

ባለፈው ክረምት መኪናውን ያቆሙት ታመው ነበር። ገመዱን ሳይነቅሉ ገብተው ተኙ፤ ከዚያ አልተነሱም። ባለቤታቸው እትዬ «የሳቸው እጅ ያረፈበትን ማንም እንዳይነካ» አሉን። እኛም ማክበር መስሎን መፍቻውን እንኳ ከምስማሩ አላወረድንም።

በአርባቸው ቀን ተዝካሩ ሲያበቃ፣ ከአሰቦት የመጡትን አሮጊት እህታቸውን ልናደርስ መኪናው ላይ አስቀመጥናቸው። ወንድሜ ቁልፉን ቢያዞር ሞተሩ ድምፅ አልሰጠም። እህታቸው እንደገና ወረዱ። ሊያጽናኑን የመጡት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን አውልቀው ጭቃው ውስጥ ገብተው ገፉ። ቁልቁለቱ እስኪያልቅ ተገፍቶም አልተነሳም።

«ወላሂ፣ እሱ እያለ ይሄ መኪና ተገፍቶ አያውቅም» አሉ ጎረቤታችን ሐጂ፣ ቀስ ብለው። እትዬ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። እኔ የማይበት አጣሁ።

ሽማግሌዎቹ ሊሰናበቱን ተመለሱ። እጃቸው በጭቃ ተለውሶ ስለነበር፣ በየተራ ክንዳቸውን ዘረጉልን።