መምህር ሣህሌና የኩሽኔታዋ ብይ

መምህር ሣህሌ የይፋት ሰው ናቸው። ጂንካ የገቡት በ1985 ዓ.ም. ነው፤ ከአርባ ምንጭ በጭነት መኪና፣ የጨው ጆንያ ላይ ተቀምጠው። ለአንድ ዓመት ብለው መጥተው ቀሩ። ከተማው መሃል ባለው የአውሮፕላን ሜዳ ከብት ሲግጥ፣ አውሮፕላን ሊያርፍ ሲል ልጆች እየሮጡ ከብቱን ሲያባርሩ ማየት ለመዱ።

የሚያስተምሩት ፊዚክስ ነበር። ላቦራቶሪ ተብሎ የተሰየመው ክፍል የተሰባበረ ወንበር ማጎሪያ ስለሆነ ሁሉንም ነገር በጠመኔ ያስረዳሉ። ከሁሉም አንድ ትምህርት ይወዱ ነበር። ተዳፋት ላይ የተለቀቀ ነገር ፍጥነቱ በእኩል ጊዜ እኩል እየጨመረ ይወርዳል። በመጀመሪያው ቅጽበት አንድ ርቀት ከሄደ፣ በሁለተኛው ሦስት እጥፉን፣ ቀጥሎ አምስት፣ ቀጥሎ ሰባት እጥፉን ይሄዳል። እነዚህን ቁጥሮች ሲጽፉ ድምፃቸው ዝቅ ይላል፤ የተኛ ልጅ ያለበት ቤት የገቡ ይመስል።

በ1997 ዓ.ም. ወደ አገራቸው እንዲዛወሩ ተፈቀደላቸው። ሊሄዱ ጥቂት ሲቀራቸው ቁጥሮቹን ጽፈው ዞር ሲሉ፣ ፊት የምትቀመጠው ሩሃማ እጇን አወጣች።

“ቲቸር፣ እርስዎ ግን በዓይንዎ አይተውታል?”

መምህር ሣህሌ ጠመኔውን አስቀመጡ። “አላየሁም” አሉ። “እኔም የተማርኩት ከሰሌዳ ነው።”

ማንም አልሳቀም። እሳቸውን ግን ነገሩ ከነከናቸው። ያን ሁሉ ዓመት እውነት ነው እያሉ ያስተማሩትን ነገር ሳያዩ ከጂንካ መውጣት አቃታቸው። ከትምህርት ቤት ወጥተው በቀጥታ ተስፋ ዘንድ ሄዱ። ተስፋ ከጋሞ መጥቶ በርና መስኮት የሚሠራ አናጢ ነው። ረጅም ሳንቃ አምጥተው መሃሉን እንደ ቦይ እንዲፍቅላቸው ጠየቁት።

“መምህር፣ የጣራ አሸንዳ ነው?”

“የብይ መውረጃ ነው።”

“በዚህ ዕድሜዎ ብይ?” ተስፋ ሳቀ። ቢሆንም ቦዩን ሻማ እየቀባ፣ ጣት እስኪያንሸራትት ድረስ አሸው። ብይዋን የቱርሚ መንገድ ከሰባበረው ጭነት መኪና የጎማ ኩሽኔታ ውስጥ አወጧት። የብረት ብይ ናት፤ ለመጠኗ ትከብዳለች።

የቀረው ጊዜውን መለካት ነበር። የእጅ ሰዓት አልጠቀመም፤ ሰከንድ ሳይቆጥሩ ብይዋ ታልፋለች።

“ጭብጨባ ይሁና!” አለ ዙቦ። ዙቦ ከቱርሚ መጥቶ የሚማር የሐመር ልጅ ነው። “እኛ ስናጨበጭብ ከሰዓትዎ እንበልጣለን።”

እሱና ሁለት ያገሩ ልጆች እየዘፈኑ ሲያጨበጭቡ በእርግጥም ዝንፍ አይሉም። ሳንቃውን ክፍሉ ውስጥ፣ አንዱን ጫፍ በጡብ ከፍ አድርገው ዘረጉት። ሌሎቹ ተማሪዎች ከሰል ይዘው በግራና ቀኝ ተደረደሩ። በየጭብጨባው ብይዋ የደረሰችበት ላይ ምልክት ያደርጋሉ። ከዚያ የመጀመሪያውን ርቀት ያህል ሸምበቆ ቆርጠው ሌላውን በሱ ይለካሉ።

ብይዋ ተለቀቀች። ለኩ። ርቀቶቹ ሁሉ እኩል ሊሆኑ ምንም አልቀራቸውም። ደገሙ፤ ያው ሆነ። ሦስትም አምስትም የለም።

“ቲቸር፣ መጽሐፉ ዋሽቷል!” አለ አንዱ።

“ጂንካ የመጣ ሁሉ እርምጃው ይቀንሳል” አለ ሌላው። “ብይዋም አገሩን ለመደች!”

መምህር ሣህሌ አብረው ሊስቁ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። ግድግዳውን ተደግፈው “አንዴ ድገሙት” አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ማየት ፈርተው ነው። ዓይናቸውን በጨፈኑበት ግን ጆሯቸው ሰማ፤ ጭብጨባው ቀስ ብሎ ጀምሮ እየፈጠነ፣ እየፈጠነ ሄዶ ከብይዋ ጋር እኩል አለቀ።

“ዙቦ፣ ለምን አፈጠናችሁ?”

“ትሮጣለቻ!” አለ ዙቦ ተገርሞ። “በጭፈራ ላይ ዘላዩ ሲነሳ የሚያጨበጭበው አብሮ ይነሳል። ጥሎት ከቀረማ ሰደበው ማለት ነው።”

መምህር ሣህሌ ሳቅ አመለጣቸው። ልጆቹ ብይዋን አክብረው እየተከተሏት ነበር። “እንግዲያው አትዩዋት። ፊታችሁን ወደ ግድግዳው አዙሩ።”

“ለጨፋሪ ጀርባ መስጠት? አባቴ ቢያየኝ ከብት አይሰጠኝም!” አለ ዙቦ፤ እያጉረመረመ ዞረ።

ዘፈኑ ተጀመረ። ጭብጨባው በአንድ ልክ ሄደ። ብይዋ ተለቀቀች፤ በመጀመሪያው ጭብጨባ ገና አልነቃችም ነበር፣ በመጨረሻው ግን ስትወነጨፍ አይታ ከሰል የያዘችው ልጅ ጮኸች።

ሩሃማ አዲስ ሸምበቆ ቆርጣ ተንበረከከች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። የሸምበቆው ጫፍ የከሰሉ ምልክት ላይ ዐረፈ። የሚቀጥለውን ለካች፤ አምስት። በመጨረሻው ርቀት፣ ሰባተኛው ልክ ላይ፣ ሸምበቆው ከምልክቱ ጣት የማይሞላ ጎደለ።

“ከሥሩ ጡብ ጨምሩ” አሉ መምህር ሣህሌ።

ሳንቃው ቀና አለ። ብይዋ ባሰባት፤ የመጀመሪያው ርቀት ራሱ ረዘመና ረዘም ያለ ሸምበቆ ተቆረጠ። ሩሃማ ለካች። ሦስት። አምስት። ሰባት።

ዙቦ ከግድግዳው ዞሮ መጥቶ ምልክቶቹን አንድ በአንድ በጣቱ ነካቸው። ብይዋን አንስቶ አገላበጣት፤ ብረት ናት፣ ምንም የላትም።

“ማን ነገራት?” አለ።

“ፈጣሪዋ ነዋ!” አለ ሥራውን ትቶ የመጣው ተስፋ፣ ከበሩ።

መምህር ሣህሌ ዓይናቸው ሞልቷል። ልጆቹ መሃል በጉልበታቸው ወርደው ጉንጫቸውን ወደ ሳንቃው አስጠጉ፤ ብይዋ ወደ እሳቸው ስትመጣ ሊያዩዋት።

“በሉ አጨብጭቡ” አሉ። “አሁን ደግሞ እኔ ብቻዬን ልያት።”

ዙቦ ሳይከራከር ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ።