የደሳለኝ ሰላምታ

እማዬ ትናንትም አደረገችው። ከገደብ ገበያ ስንመለስ ወታደሮች የጫነ መኪና አለፈን። ዘንቢሏን መሬት አስቀምጣ ሁለት እጆቿን ሰፋ አድርጋ አነሳች። አንዱ ወታደር እየሳቀ እጁን አወዛወዘላት። እኔ ወደ ጎን ዞርኩ።

ይህን ሰላምታ ቤታችን ያመጣሁት እኔ ነኝ። አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። ከጓደኛዬ ከአማኑኤል ጋር የለቀምነውን እሸት ቡና በጆንያ ሞልተን መንገድ ዳር መኪና እንጠብቃለን። ጭቃው አልደረቀም፤ ጣቶቻችን በቀዩ ቡና ጭማቂ ተጣብቀዋል። አህዮች መንገዱን ሲዘጉበት አንድ የወታደር መኪና ቀስ አለ። ከኋላው ታላቅ ወንድሜ ደሳለኝ ተቀምጧል። ውትድርና ከሄደ ወዲህ አላየሁትም። ስሙን ስጠራ ብድግ አለ። ሁለት እጆቹን አንድ ላይ አንስቶ ጎንበስ አለልኝ። መኪናው ሄደ።

«አንተ፣ ሳንሰማ ተሾምክ እንዴ? ታላቅህ እጅ ይነሳሃል» አለኝ አማኑኤል። ሳቅን።

ሮጬ ገና ከሕመሟ ላገገመችው እማዬ ነገርኳት። «ወታደር ቤት ሥርዓት አስተማረልኝ» እያለች ለጎረቤቱ ሁሉ አወራች። ያን ቀን ደህና ነበርን።

ከዚያ ወዲህ ደሳለኝ ደውሎልን አያውቅም። ወራት አልፈው ታሞ መሞቱን ለአባቴ በስልክ ነገሩት። «የት?» ቢል «እስር ቤት» አሉት። እስር ቤቱን አባቴ ለእኔ ብቻ ነገረኝ። ምን እስር ቤት? ወታደር አልነበረም እንዴ?

ለቅሶ ተቀምጠን ሳለ፣ አብሮት ያገለገለ ጀማል የሚባል ሰው ዲላ መናኸሪያ አጠገብ ጎማ እንደሚጠግን ሰምቼ ሄድኩ።

«የእናትህን መታመም ሰማ» አለኝ። «ፈቃድ ሲከለከል ዝም ብሎ ወጣ። መንገድ ላይ ተያዘና ተፈረደበት። እኔም በሌላ ጥፋት ተፈርዶብኝ አብረን ተጫንን።»

«ገደብ ሲያልፍ እኮ አይቼዋለሁ» አልኩት። «በሁለት እጁ ሰላም ብሎኛል።»

ጀማል ትክ ብሎ አየኝ። «ያ ልጅ አንተ ነህ?» መፍቻውን አስቀምጦ የእጆቹን አንጓዎች ገጠማቸው። «በካቴና ነበርን፣ ወንድሜ። አንዱን ብቻ ማንሳት አይቻልም።»

ስመለስ አውቶብሱ ይርጋጨፌን መቼ እንዳለፈ አላውቅም።

በማግስቱ ጠዋት ለቅሶ ደራሾች ድንኳኑን ሞልተውት ነበር። እማዬ ጠራችኝ። «ና እስቲ ልጄ፣ ወንድምህ እንዴት ሰላም እንዳለህ አሳያቸው።»

ቆምኩ። እጆቼን ሳነሳ አንጓዎቼ ራሳቸው ተጣበቁ። አባቴ አቀረቀረ። እማዬ ታየኛለች። ወደ እሷ ሲመጣ እንደተያዘ አታውቅም።

እጆቼን አራራቅኳቸው። ሰፋ አድርጌ።

«እንዲህ ነው?» አለችና እሷም አነሳች።

«እንዲህ ነው» አልኳት። እስከ ዛሬ እንደዚያው ታነሳለች።