የአንድ ወገን ላባ

አባቴ አናጢ ነው። በርና መስኮት ይሠራል፤ ልቡ ግን ፍላጻ ላይ ነው። እህቴ የቀስት ክለብ ከገባች ወዲህማ ቤታችን በዝይ ላባ ተሞልቶ፣ እናቴ ትራስ ብንሠራበት ይሻል ነበር እያለች ታሾፍበት ነበር።

ፍላጻ ቀጥ ብሎ እንዲሄድ ከኋላው ሦስት ላባ ይለጠፍበታል። አባቴ ረጅሙን ይሞክራል፣ አጭሩን ይሞክራል፣ ጠመም አድርጎ ይለጥፋል፤ ውጤቱን ግድግዳው ላይ በእርሳስ ይጽፋል። አንድ ነገር ብቻ አይሞከርም፦ ሦስቱም ላባ ከአንድ ወገን ክንፍ መሆን አለበት። የቀኝና የግራ ክንፍ ላባ አጎነባበሱ ለየቅል ስለሆነ፣ ከተደባለቀ ፍላጻው ይዋልላል። ይህን ከፊደል በፊት ነው ያስጠናን።

እህቴ ለአገሪቱ ቡድን ምርጫ በቀረበችበት ቀን ፍላጻዎቿ እየዋለሉ ከዒላማው ውጪ አረፉ። አባቴ በሰው ፊት፣ "ፍላጻው እንከን የለውም፤ እጅሽ ነው የተንቀጠቀጠው" አላት። ቀስቷን ለክለቡ መልሳ ልብስ ስፌት ገባች። እሱም ልፋቴን ገደል ከተተችው ብሎ ስድስት ዓመት አኮረፋት። እሷ ግን እሑድ እሑድ እየመጣች መሥሪያ ክፍሉን ትጠርግለታለች፤ የላባ ሣጥኖቹንም ከፍታ ታስተካክላለች። እኔ፣ ታናሿ፣ መለማመጧ ያናድደኝ ነበር።

ዘንድሮ የአባቴ የዓይን ሞራ ተገፈፈለት። በሳምንቱ የዚያን የምርጫ ቀን ፍላጻዎች ከቁም ሣጥን ላይ አውርዶ መስኮት አጠገብ ተቀመጠ። አንዱን አየ፤ ሁለት የቀኝ፣ አንድ የግራ። ሁለተኛውም እንደዚያው። ምሳው ቀርቦለት ሳይነካው ኮቱን ለብሶ ወጣ። ተከተልኩት።

ስፌት ቤቷ ገብቶ ፍላጻዎቹን ከምትሰፋው ጨርቅ ላይ አስቀመጠላት።

"እጅሽ አልነበረም" አለ። "የኔ ዓይን ነው።"

የስፌት መኪናዋን አቆመች። "አውቃለሁ አባዬ። ልወረውር ተራዬ ደርሶ ነው ያየሁት።"

"ታዲያ ምነው ዝም አልሽኝ?"

"ዓይንህ እንደደከመ ብነግርህ ሥራውን እርግፍ አድርገህ ትተወው ነበር። እኔ ሌላ ሙያ አላጣም፤ አንተ ግን ከሱ ሌላ ደስታ የለህም።"

ከምርጫው ቀን ወዲህ ከአባቴ እጅ የሚዋልል ፍላጻ ወጥቶ አያውቅም ነበር። እሑድ እሑድ መጥረጊያውን አስቀምጣ የላባ ሣጥኖቹን ለምን እንደምትከፍት ያን ጊዜ ገባኝ፤ ቀኙን ከግራው ትለይለት ኖሯል። በራሴ አፈርኩ።

አባቴ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ብዙ አለቀሰ። ስንወጣ በሩ ላይ ቆም አለ።

"ካሁን በኋላ ላባውን ራሴ እለያለሁ" አላት። "አንቺ ግን እሑድ ነይ።"