የእትዬ የትናየት ምንጭ

በስማዳ፣ በጋይንትና በእስቴ የምትኖሩ፣ ባለ ቆርቆሮም ባለ ሣር ክዳንም ሁላችሁ እወቁት፦ ከወገዳ ማዶ፣ ከምንጭ ሥር አንዲት መደብ ነጭ ሽንኩርት ያላቸው እትዬ የትናየት የልማት ጠላት ሆነው ተገኝተዋል። ወንጀላቸው «በቃኝ» ማለት ነው።

ሌላም ጥፋት ነበረባቸው። ገበያ ወጥተው ሽንኩርታቸውን ሲዘረጉ የጫጨውን ከላይ ያደርጉታል። አንድ ዋጋ ይናገራሉ፤ ከዚያ ዝም። ሊከራከር ቋምጦ የመጣ ገዢ የሚከራከረው ሲያጣ ተናዶ ይሄዳል። ባሕር ማዶ ኩዌከር የሚባሉ ክርስቲያኖች እንዲህ ይነግዱ እንደነበር፣ መሬትንም ለልጅ ልጅ የሚተላለፍ አደራ እንደሚሉት በአንዲት በራሪ ወረቀት አንብቤአለሁ። እነሱ ለዚህ ወረቀት ያሳትማሉ። እኛ በነፃ ስላገኘነው ሳቅንበት።

ልጃቸው አስቻለው ግን የሰው መሳቂያ መሆን ሰለቸው። ጎረቤቱ ሁሉ አጣና ሸጦ ቤቱን ቆርቆሮ አልብሷል፤ እሱም ከምንጩ ራስ ላይ ባሕር ዛፍ ልትከል አለ።

«ቆርቆሮ ጠጥቶ ያደረ ሰው ታውቃለህ፣ ልጄ?» አሉት።

እሳቸው ለእኅታቸው ተዝካር እስቴ መካነ ኢየሱስ ከተማ ሲሄዱ ተከለው።

ሲመለሱ ይነቅሉታል ብለን፣ ሥራ እንደሌለው ሰው፣ አጥር ተደግፈን ጠበቅን። ችግኙን ዞረው አዩት። የልጃቸውን መዳፍም አዩት፤ ዶማው ልጦታል። የልጄን ድካም እንዴት ብዬ እነቅላለሁ ብለው ገቡ።

ዛፉ ወፈረ፤ ምንጩ ቀጠነ። በአንዱ በጋ ጭቃው ተሰነጠቀ፣ ሽንኩርቱም አበቃ። አስቻለው አጣናውን ቆርጦ ሸጠ፣ ቤቱን ቆርቆሮ አለበሰ፤ እኛም ጎበዝ አልነው። እትዬ ከዚያ ወዲያ ገበያ አልታዩም።

ታመው ሲተኙ የምንጩን ውሃ ለመኑ። አስቻለው ከሩቅ ወንዝ በጀሪካን ቀድቶ፣ ከምንጩ ነው ብሎ አቀረበላቸው። ቀመሱት። ገበያ ላይ የጫጨ ሽንኩርት እንኳ ያልደበቁት እትዬ ልጃቸውን አዩት።

«አዎ፣ የኛው ነው» አሉት።

ካረፉ ወዲህ አስቻለው ጉቶ ይቆፍራል። ባሕር ዛፍ ደግሞ እንደምታውቀው ነው፤ ሲቆርጡት ያቆጠቁጣል። እሱ ግን መቆፈሩን እያቆመ፣ ተንበርክኮ ጆሮውን መሬት ላይ ይለጥፋል።

አንባቢ ሆይ፣ በወገዳ በኩል ስታልፍ ውሃው ይመለስ እንደሆነ ይጠይቅሃል፤ ያገኘውን ሁሉ ይጠይቃል። እባክህ እውነቱን አንተ ንገረው። እኛማ እንዳንነግረው፣ ጎበዝ ያልነው እኛው…