በአጥንት የመጣ ድምፅ

በደርግ ዘመን ሲቀላ በተባለው ሰፈር ይሠራ የነበረው የዶርዜው ሸማኔ ኦይታ፣ ዓለም እንደ ጉም እየራቀች ጸጥ አለችበት። የሚስቱን የአገርነሽን ድምፅ ዳግም ላልሰማ ነው ብሎ ፈራ።

ሐኪሙ የሚርገበገብ ብረት ከጆሮው ኋላ ካለው አጥንት ላይ ሲያሳርፍለት ግን ሰማና ደነገጠ።

«ከታምቡሩ ጀርባ ድምፅ የሚያርገበግባቸው ሦስት ጥቃቅን አጥንቶች አሉ» አላት ሐኪሙ ለአገርነሽ። «አንዷ ደርቃ ተጣብቃለች። የውስጡ ጆሮ ግን ደህና ነው፤ በራስ ቅሉ በኩል ይሰማል።»

የሰው ልጅ ዓለምን የሚሰማው ሩዝ በሚያካክሉ አጥንቶች ነው፤ ይገርማል።

ቤት እንደገቡ አገርነሽ ግንባሯን ከጆሮው ኋላ ባለው በዚያው አጥንት ላይ አስደገፈች።

«አንተ ሰውዬ፣ ይሄን ሁሉ ጊዜ የሰደብኩህ በከንቱ ቀረ?»

ድምፅዋ ከሐይቅ ሥር እንደሚወጣ ሆኖ ደረሰው። ዓይኑን ጨፈነ።

«እንግዲያው ከመጀመሪያው ጀምሪ» አላት።