ሞተር ሲነሳ የሚመጣ ጩኸት

አባቴ ድምፁን ከማጣቱ በፊት ከጎንደር እስከ አዲ አርቃይ ያለውን መንገድ በመንዙማ ነበር የሚጨርሰው። ፒያሳ ካለችው ሱቃችን ጨርቅ፣ ሳሙናና ስኳር በአሮጌዋ ፒካፕ ጭኖ ይወርዳል። እናቴ እዚያ እህት ስላላት ብዙ ጊዜ አብራው ትሄድ ነበር። ሊማሊሞ ጠመዝማዛው ላይ ሲደርሱ እሷ ገደሉን ላለማየት ዓይኗን ትጨፍናለች፤ እሱ ደግሞ ፍርሃቷን ሊያስረሳት መንዙማውን ከፍ ያደርጋል።

መጀመሪያ ድምፁ ሻከረ። ብርድ ነው ብለን ዝንጅብል አፈላንለት። ቆይቶ መንገዱን በዝምታ መንዳት ጀመረ። ሐኪም ቤት ስንወስደው የጉሮሮ ካንሰር ነው ተባልን፣ አዲስ አበባም ላኩን። እዚያ ማንቁርቱ ካልወጣ እንደማይተርፍ፣ ከወጣ ደግሞ እንደ ድሮው መናገር እንደማይችል አስረዱን። አባቴ ሰምቶ ሲያበቃ «አልሐምዱሊላህ» ብቻ አለ።

ለቀዶ ጥገናው ከመግባቱ በፊት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሳለ ስልኬን አወጣሁ።

«አባባ፣ ትንሽ በልልኝ፤ ልቅዳው።»

«ምን ልበልሽ ልጄ?»

«መንገድ ላይ የምትለውን።»

ፈገግ ብሎ ጀመረልኝ። እስኪደክመው ድረስ አለ። መጨረሻ ላይ እናቴን በቁልምጫ ስሟ ጠርቶ «ዓይንሽን ጨፍኚ፣ እኔ አለሁ» አላት። እሷ ግን ኮሪደር ላይ ከነርሷ ጋር ነበረች፤ አልሰማችውም።

ጎንደር ስንመለስ አንገቱ ላይ በስስ ነጭ ጨርቅ የሚሸፈን ቀዳዳ ነበረው። ከእኛ ጋር በእጁና በዓይኑ መግባባት ለመደ። ሲበረታ ማኪናዋን አስነሥቶ ወደ ሥራው ተመለሰ። እናቴ አንድ ጊዜ አብራው ሄዳ ስትመጣ ወደ ጓዳ ጠራችኝና አለቀሰች። «መሪውን ይዞ ዝም ሲል ሌላ ሰው የሚነዳኝ ይመስለኛል» አለችኝ።

የቀዳሁትን መንገድ ላይ እንድትሰማው አሰብኩ። የማኪናዋ ቴፕ ግን ካሴት ብቻ ነበር የሚያጫውተው። ለአባቴ ነገርኩት፤ ዓይኑ በራ። የማኪናዋን ኤሌክትሪክ ሁልጊዜ ራሱ ነበር የሚጠግነው። ቴፑን ከቦታው አወጣው፣ ሆዱን ከፈተው፣ የስልክ ገመድ የሚሰካበት መስመር ቀጠለለት። ስልኬን ሰካሁ። ድምፁ ጥርት ብሎ ወጣ። ሞተሩን ሲያስነሳ ግን ሲርር የሚል ጩኸት መጥቶ ሁሉንም ዋጠው። ነዳጅ ሲሰጠው ጩኸቱ ይወጣል፣ ሲለቀው ይወርዳል።

በእጁ «አጥፊው» አለኝ። ሞተሩን ሳጠፋው ጩኸቱ ጠፋ። ሳስነሳው ተመልሶ መጣ። ገመዱ ይሆናል ብለን ከፒያሳ አዲስ ገዝቼ መጣሁ፤ ያው ነው። ስልኩን ከቻርጀሩ ነቀልኩት፤ ትንሽ ቀነሰ። ከዚያ አባቴ ወንበሩ ሥር ተጋደመና አዲሱን መስመር በጣቱ እየዳሰሰ ተከተለው። ከባትሪ ከሚመጣው ወፍራም ሽቦ ጋር አንድ ላይ ታስሮ ኖሯል። ለይቶ በሌላ በኩል አሳለፈው። አሁንም ቀነሰ እንጂ አልጠፋም።

«ማሳው ይሆን አባባ?» አልኩት። ከቴፑ ወጥቶ ከማኪናዋ አካል ጋር የሚታሰረውን ሽቦ ማለቴ ነው። በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ሽቦው የታሰረው ቀለምና ዝገት በለበሰ ቡሎን ላይ ነበር። ብረቱ እስኪያበራ ድረስ በቢላዋ ፋቀውና አጥብቆ አሰረው። አስነሣሁት። ጩኸቱ የለም። አባቴ እንደ ልጅ አጨበጨበ። ሲስቅ ከአንገቱ አየር ብቻ ነበር የሚወጣው።

እናቴን ጠራናት። ነጠላዋን አስተካክላ ቦታዋ ላይ ተቀመጠች። መንዙማው ጀመረ፤ እሷም አፏን በእጇ ሸፈነች። ጥቂት እንደሰማን ግን አባቴ ቅንድቡን ሰበሰበ። ከድምፁ ሥር አንድ ነገር ይሻክራል፤ ብቅ ይላል፣ ይጠፋል። ተመልሶ ወደ ሽቦው ጎነበሰ። ሞተሩን አጠፋ፤ አሁንም አለ። ማሳውን ፈትቶ እንደገና አሰረ፤ አሁንም አለ።

ስልኩን ነቅዬ ጆሮዬ ላይ አደረግኩት። እዚያም ነበር። ያን ጊዜ ገባኝ፣ እንዴት እንደምነግረው ግን ጨነቀኝ።

«አባባ፣ የገመዱ ችግር አይደለም» አልኩት። «ሲቀዳም የነበረ ነው።»

ስልኩን ተቀብሎኝ አዳመጠ። ሻካራው ድምፅ የሚመጣው ትንፋሽ በሚስብበት ቦታ ሁሉ ነበር። የገዛ ጉሮሮው ነው። ሐኪም ቤት ሳለን ማናችንም አልሰማነውም፤ ለወራት ጆሯችን ለምዶት ነበርና። አባቴ ቢላዋውን ወንበሩ ላይ አስቀምጦ እጆቹን ጭኑ ላይ አጣጠፈ።

እናቴ ወደ እሱ ዞረች። «ምነው ካላጠፋሁት ትላለህ?» አለችው። «ተወው፣ እሱም ያንተ ነው።»

በማግሥቱ ሦስታችንም ወደ አዲ አርቃይ ወረድን። ሊማሊሞ ላይ ቅጂው መጨረሻው ደረሰና አባቴ እናቴን በስሟ ጠራት። ዓይኗን እንደጨፈነች «አቤት» አለች። እሱ ከመንገዱ ዓይኑን ሳያነሳ እጇን ያዘ፤ ጠመዝማዛው ሲመጣ ደግሞ እጁን ወደ መሪው መለሰ።

በሽታው ብዙ አልቆየም፣ ተመልሶ መጣ። ክረምቱ ሳይወጣ አባቴን ቀበርን። ፒካፗን አሁን የምነዳት እኔ ነኝ። ቅጂውን ቤት ውስጥ እንድከፍተው እናቴ አትፈቅድልኝም። «ቤት ውስጥ ስሰማው ከወዲያኛው ክፍል የሚወጣ ይመስለኛል፤ በሩን ሳይ እውላለሁ» ትለኛለች። ሲናፍቃት ቁልፉን አምጪ ትለኛለች። ግቢ የቆመችው ማኪና ውስጥ አስገብቼ ቅጂውን እከፍትላታለሁ፣ እኔም በሩን ዘግቼላት ወደ ሱቅ እሄዳለሁ።